አንዳንዴ እምቢ የሚል ሞተር ሳይክል

አንዳንዴ ተነስቶ አንዳንዴ እምቢ የሚል የቆየ ሞተር ሳይክል፣ ጨርሶ ከማይነሳው ይልቅ ለመጠገን ያስቸግራል። የተበጠሰ ሽቦ ምንጊዜም የተበጠሰ ስለሆነ በቴስተር ይገኛል። የላላ፣ የዛገ ወይም ሲሞቅ የሚከፈት መጋጠሚያ ግን የሚያዘው ብልሽቱ በተከሰተባት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጋራዥ እስኪደርስ ሞተሩ ምንም እንዳልነበረበት ይነሳል። ስለዚህ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሁኔታው ይጠየቃል። የሚያስቸግረው ቀዝቅዞ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዝናብ በዘነበ ቀን ወይስ በታጠበ ማግስት? መሪው ወደ አንድ ጎን ሲዞርስ? የእነዚህ መልስ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ያቀልላል።

ለምሳሌ የሚሆነው ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የታሰበው መንገዱ አስቸጋሪ፣ ጥገናውም የተጓደለ ለሚሆንባቸው አገሮች ነበር። የቻይና ፋብሪካዎች ንድፉን በሰፊው ስለተከተሉት፣ ስለ እሱ የሚባለው ስማቸው ሌላ ለሆነ ብዙ ሞተር ሳይክሎችም ይሠራል።

የመጀመሪያው መለያ ቀላል ነው፤ የማስነሻው ቁልፍ ሲጫን ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ካልዞረ ካርቡራተር መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ካረፈ 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት ብዙ ዝቅ ካለ ባትሪው ደክሟል። ልኬቱ የሚወሰደው ሽቦው ከታሰረበት ብረት ላይ ሳይሆን ከራሱ ከባትሪው ምሰሶ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል የተደበቀ ዝገት ሊኖር ይችላልና። ከዚያ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው የሞተሩ አካል ላይ ተደርጎ ቁልፉ ይጫናል። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ማሳው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር፣ ታሟል፤ የማሳው ሽቦ ከሻሲው ጋር የተገናኘበት ቦታ ተፍቆ ድጋሚ ይታሰራል። በቆዩ ሞተሮች ላይ ይህ ብልሽት ከሚገመተው በላይ ይበዛል።

ድምፅም ይመሰክራል። ሪሌው ቀጭ ብሎ ሞተሪኖው ካልዞረ ችግሩ በሪሌው የውስጥ መጋጠሚያ፣ በወፍራሙ ሽቦ ወይም በሞተሪኖው ካርቦን ላይ ነው። ሞተሪኖው በእንጨት እጀታ ቀስ ተብሎ ሲመታ ከተንቀሳቀሰ ካርቦኑ አልቋል ማለት ይቻላል። ሪሌው ድምፅ ካላሰማ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ መነሻ ቁልፉ፣ ወደ ፍሪሲዮን እጀታው ሥር ወዳለችው ትንሽ ማብሪያ ወይም ማርሹ ፎሌ ላይ መሆኑን ወደሚያሳውቀው ማብሪያ ይዞራል። ሞተሩ በእግር ሲመታ ተነስቶ በቁልፍ እምቢ ካለም መልሱ እዚሁ መስመር ላይ ይገኛል፤ የእግር ማስነሻ ባላቸው ብዙ የሲጂ ሞተሮች ሲዲአይ የሚባለው የብልጭታ መቆጣጠሪያ ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን ከቮላኖው ሥር ካለ ጥቅል ነው።

ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ ጥያቄው ብልጭታ ወይስ ቤንዚን የሚል ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ትርፍ ካንዴላ ነው። ሞተሩ እምቢ ባለበት ቅጽበት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ የካንዴላው ቆብ ይነቀልና ትርፉ ካንዴላ ይገጠምበታል፤ ብረቱ ሲሊንደሩ ላይ በደንብ ተደግፎ የእግር ማስነሻው ይመታል። ዋናው ካንዴላ በቦታው ይቆይ፤ ከተከፈተ ቀዳዳ የሚወጣ ቤንዚን በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ነገሩ ወደ ነዳጅ ይሄዳል። ካልታየ ደግሞ ቦቢናው ወይም ቮላኖው ሥር ያለው ጥቅል ይፈተሻል። በጥቅሉ ውስጥ የተሰነጠቀ ቀጭን ሽቦ ቀዝቅዞ ሳለ ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ሁኔታ የተለካ ቦቢና በዚህ ረገድ ምንም አያስረዳም።

ሌላው የሚዘነጋው የማጥፊያው ሽቦ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ሞተሩን ማጥፋት ማለት የሲዲአዩን አንድ መስመር ማሳ ላይ ማገናኘት ነው። ሽቦው መሪው ሥር ለዓመታት እየታጠፈ ሽፋኑ ከተላጠ፣ መሪው ሲዞር ሻሲውን ይነካና ብልጭታው ይጠፋል፤ ዝናብም ያባብሰዋል። ማጥፊያው ለጊዜው ተነቅሎ ሞተሩ ያለችግር ከተነሳ ሌባው ተያዘ።

በቤንዚኑ በኩል ተደጋጋሚው ጥፋት የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ መደፈን ነው። ቤንዚኑ ሲወርድ አየር ካልገባለት መውረዱን ያቆማል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ አየር ሲሾልክ ደግሞ ይነሳል። ክዳኑ ሲከፈት የመሳብ ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የሰልባትዮው ዝገትም ረግፎ የካርቡራተሩን ትንሿን የነዳጅ ቀዳዳ እየዘጋ፣ እየከፈተ ያስቸግራል። ብዙ ከተመታ በኋላ ካንዴላው ደርቆ ከወጣ ነዳጅ አልደረሰም፣ ረጥቦ ከወጣ ደግሞ በዝቷል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ የሞቀ ሞተርም በቾክ ሲነሳ ይታፈናል።

ብልጭታውም ነዳጁም ደህና ከሆኑ የቫልቭ ክፍተት ይለካል። በሲጂ 125 ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ሞተሩ ጸጥ ስለሚል ባለቤቱ ጤነኛ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ግፊቱ ያመልጣል።

ዕቃን በግምት መለወጥ የዚህ ብልሽት ትልቁ ማሳሳቻ ነው። አዲስ ቦቢና ሲገጠም መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ተነቅለው ይመለሳሉ፤ መነካካቱ ብቻውን ዝገቱን ፍቆ ሞተሩን ለሳምንታት ሊያስነሳው ይችላል፣ ምስጋናው ግን ለአዲሱ ዕቃ ይሄዳል። ማረጋገጫው አሮጌውን መልሶ መግጠም ነው፤ ያኔ ብልሽቱ ካልተመለሰ ጥፋቱ የቦቢናው አልነበረም።