የመግቢያ ነጥቡን ማን ቆረጠው? የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ውስን ቦታቸውን የሚያከፋፍሉበት ሥርዓት

  በዛሬው ዝግጅታችን ልጆቻቸውን ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጁ ቤተሰቦችን፣ በተለይም በጀርመን የሚኖሩትን ወይም ልጃቸውን ወደዚያ ለመላክ የሚያስቡትን የሚመለከት ርዕስ ይዘን ቀርበናል። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ፈላጊው ከቦታው በሚበልጥባቸው የትምህርት ዘርፎች ተማሪ የሚቀበሉት በምን መንገድ ነው?

ይህን ርዕስ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በአንዱ ቤት «ለሕክምና የሚጠየቀው ነጥብ ይህን ያህል ነው፤ ያንተ አይደርስም» ይባልና ልጁ ማመልከቻ ሳይሞላ ይቀራል። በሌላው ቤት ደግሞ «ታግሰሽ ጠብቂ፣ ዓመታት ሲያልፉ ተራሽ ይደርሳል» የሚል ምክር ይሰጣል። የመጀመሪያው አባባል ከአሠራሩ ጋር አይገጥምም። ሁለተኛው በአንድ ወቅት እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ለሕክምና ትምህርት የሚጠብቅ ሁሉ የሚጠብቀው የሌለ ተራ ነው። የልጅ ዕድሜ ደግሞ ተመልሶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወሰነው ነጥብ ነው ወይስ ቦታ?

በጀርመን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት አቢቱር ይባላል። ውጤቱ እንደኛ ከፍ ሲል የሚሻል ሳይሆን ዝቅ ሲል የሚሻል ነው። ከሁሉ የላቀው 1.0 ሲሆን የመጨረሻው ማለፊያ 4.0 ነው። አቢቱር የያዘ ሰው ገደብ በሌለባቸው በርካታ ዘርፎች ያለ ውድድር ይመዘገባል። ገደብ ያለባቸው ዘርፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በመላ አገሪቱ በአንድ ማዕከል በኩል የሚመደቡት ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ የእንስሳት ሕክምናና ፋርማሲ ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ደግሞ እንደ ሳይኮሎጂ ባሉ ተፈላጊ ዘርፎች እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ግቢ የሚያወጣው ገደብ አለ።

ገደቡ የሚጠራበት ስም ኑሜሩስ ክላውዙስ ነው፤ ጀርመኖች በአጭሩ ኤን ጼ ይሉታል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጉሙም «የተወሰነ ቁጥር» ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የተወሰነው የቦታው ቁጥር ነው እንጂ የተማሪው ነጥብ አይደለም። በአገራችን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የመቁረጫ ነጥብ በመንግሥት ሲገለጽ ስለለመድን፣ በጀርመንም አንድ አካል ተቀምጦ ነጥቡን የቆረጠው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ዩኒቨርሲቲ 100 ቦታ ቢኖረውና 400 ሰው ቢያመለክት፣ አመልካቾቹ እንደ ውጤታቸው ይሰለፋሉ። መቶኛው ሰው 1.9 ካለው «የዘንድሮው ኤን ጼ 1.9 ነበር» ይባላል። ይህ ቁጥር የመጨረሻው ገቢ ተማሪ ውጤት ነው፤ የሚታወቀውም ምደባው ካለቀ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አመልካቹ ቢያንስ 2.2 ሊሆን ይችላል፤ ቢበዛ ደግሞ 1.6። ከዚህም ሌላ ቦታ አግኝቶ የማይወስደው ሰው ስለማይጠፋ፣ የተለቀቀው ቦታ በተከታዩ ዙር ለቀጣዩ ይደርሳል። እንግዲህ ያለፈው ዓመት ቁጥር ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የተዘጋ በር አይደለም፤ የተሰጠ ተስፋም አይደለም።

ሥርዓቱ ከየት መጣ?

በ1960ዎቹ የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ሕክምና የሚገባውን ሰው መገደብ ጀመሩ። በሐምቡርግና በሙኒክ የሕክምና ትምህርት ላይ የተነሳው ክርክር እስከ ፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ሐምሌ 18 ቀን 1972 ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። የአገሪቱ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 12 ጀርመናውያን ሁሉ ሙያቸውንና የሚማሩበትን ቦታ በነፃነት የመምረጥ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለሆነም ገደብ ማድረግ የሚቻለው በሁለት ሁኔታ ነው ተባለ። አንደኛ፣ ያለው ቦታ ሁሉ ሳይቀር ጥቅም ላይ ከዋለ፤ ሁለተኛ፣ ምርጫው ፍትሐዊ ሆኖ ለእያንዳንዱ ብቁ አመልካች ዕድል የሚሰጥ ከሆነ ነው።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ በ1973 በዶርትሙንድ ከተማ ማዕከላዊ የምደባ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። በ2010 ተተኪው ድርጅት ሥራውን ተረክቦ ዛሬ ሆኽሹልሽታርት በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎቱ ያከናውነዋል። የቦታው ብዛትም በመምህራን የማስተማሪያ ሰዓት፣ በሕክምና ደግሞ በሆስፒታል ሕሙማን ቁጥር ጭምር በሕግ ተሰልቶ ይወጣል እንጂ በኃላፊዎች ፈቃድ አይወሰንም። ስሌቱ ትክክል አይደለም ብሎ የሚያምን አመልካች ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የመጠበቂያው ወረፋ እንዴት ቀረ?

ለብዙ ዓመታት የሕክምና ቦታ ዋናው ክፍል በሦስት ይከፈል ነበር። 20 በመቶው በአቢቱር ውጤት ብልጫ ላላቸው፣ 20 በመቶው ረጅም ጊዜ ለጠበቁ፣ 60 በመቶው ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለሚመርጧቸው ይሰጥ ነበር። «ጠብቅ፣ ይደርስሃል» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ የሚጠበቀው ጊዜ እየረዘመ ሄዶ 14ና 15 ሴሚስተር ደረሰ፤ ይህም ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ትምህርቱ ራሱ የሚፈጀው 6 ዓመት ከ3 ወር ነው። ለመግባት የሚጠበቀው ጊዜ ከመማሪያው ጊዜ በለጠ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ሥርዓቱ በከፊል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ውጤት መመዘኛ መሆኑን አልነቀፈም። ነገር ግን ጥበቃው ማለቂያ ሊያጣ አይገባም፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በራሳቸው ምርጫ በአቢቱር ውጤት ላይ ብቻ ሊደገፉ አይገባም አለ። የአንዱ ክፍለ ግዛት አቢቱር ከሌላው ጋር በሚገባ እንዲነጻጸርም አዘዘ። በዚህ መሠረት ከ2020 የበጋ ሴሚስተር ጀምሮ አዲስ አከፋፈል ሥራ ላይ ዋለ። ለነባር ጠባቂዎች የሁለት ዓመት መሸጋገሪያ ተሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ጥበቃ ለሕክምና ዋጋ ማግኘቱ አበቃ።

የዛሬው አከፋፈል

አሁንም 100 ቦታ እንዳለ እናስብ። በመጀመሪያ እስከ 20 የሚደርሰው ቦታ ለልዩ ሁኔታዎች ይነሳል። ከእነዚህም ውስጥ ከባድ የጤና ወይም የቤተሰብ ችግር ያለባቸው፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ የውጭ ዜጎች፣ ቀድሞ በሌላ ዘርፍ ተመርቀው እንደገና የሚማሩና በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ወደፊት በገጠር ለማገልገል የሚፈርሙ ይገኙበታል። የገጠር ሐኪም ኮታ በመጀመሪያ የተጀመረው በኖርድራይን ቬስትፋለን በ2019 የክረምት ሴሚስተር ነው። ፈራሚው 10 ዓመት ለማገልገል ይገደዳል፤ ውሉን ካፈረሰ እስከ 250,000 ዩሮ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ በቀላሉ የሚፈረም ወረቀት አይደለም።

የቀረው 80 ቦታ እንደሚከተለው ይከፈላል፦

1ኛ. 30 በመቶው፣ ማለትም 24 ቦታ፣ በአቢቱር ውጤት ብቻ ይሰጣል።

2ኛ. 10 በመቶው፣ ማለትም 8 ቦታ፣ የአቢቱር ውጤት ሳይታይ በሌላ ችሎታ ይሰጣል። ለምሳሌ በሕክምና ዝንባሌ ፈተና፣ ወይም በነርስነትና በአምቡላንስ ሠራተኝነት በመሰሉ ሙያዎች በሠለጠኑበት ምስክርነት።

3ኛ. 60 በመቶው፣ ማለትም 48 ቦታ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚያወጣው መመዘኛ ይሰጣል። እዚህም ውጤት ይታያል፤ ግን ፈተና፣ የሙያ ሥልጠናና ቃለ መጠይቅን የመሳሰሉ ነገሮች ይታከሉበታል።

ከዚህ አኳያ ሰባት ዓመት ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ዛሬ ለሕክምና አንድ ነጥብ አያስገኝም። በዚያው ጊዜ ነርስነት ሠልጥኖ የዝንባሌውን ፈተና የሚወስድ ልጅ ግን ሙያም ደመወዝም፣ ለውድድሩም ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው በሚገድቧቸው ሌሎች ዘርፎች ግን ጥበቃ ዛሬም በብዙ ቦታ ይቆጠራል። ሆኖም ልጁ በጠበቀበት ጊዜ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ከነበረ ያ ጊዜ አይታሰብለትም።

የኛ ልጅ የሚሰለፈው በየትኛው ወረፋ ነው?

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለያዘ ከጀርመን ልጆች ጋር አይወዳደርም» ሲባል ይሰማል። አንድ ልጅ በጀርመን ተምሮ የጀርመን አቢቱር ከያዘ፣ ፓስፖርቱ የየትም አገር ይሁን፣ ከጀርመናውያን ጋር በእኩል ይሰለፋል። የስዊድን፣ የኔዘርላንድ ወይም የሌላ የኅብረቱ አገር ዜግነት ያለውም እንዲሁ ነው።

በኢትዮጵያ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተምሮ የኢትዮጵያ ዜግነት ያለው ልጅ ግን በውጭ ዜጎች ኮታ ይታያል። ይህም በሕክምና በአብዛኛው 5 በመቶ ገደማ ነው። ምስክር ወረቀቱ በቀጥታ የማያስገባ ከሆነ አስቀድሞ ሽቱዲየንኮሌግ በሚባለው መሰናዶ ትምህርት ቤት በመደበኛው ሁለት ሴሚስተር ተምሮ መፈተን አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእነዚህን አመልካቾች ሰነድ የሚያስመረምሩት በርሊን በሚገኘው ዩኒ አሲስት በኩል ነው።

ውጤቱም ወደ ጀርመን መለኪያ ይቀየራል። ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የልጁ ነጥብ ይቀነሳል፤ የተገኘው ከፍተኛው ከማለፊያው በሚበልጥበት መጠን ይካፈላል፤ በ3 ይባዛል፤ 1 ይደመርበታል። ለምሳሌ ከ100 ውስጥ ማለፊያው 50 ሆኖ ልጁ 85 ቢያመጣ፣ 15 ለ50 ሲካፈል 0.3 ይሆናል፤ በ3 ሲባዛ 0.9፤ 1 ሲደመርበት 1.9 ይሆናል።

በመጨረሻም

ውድ አድማጮቻችን፣ ለክረምቱ ሴሚስተር የተለመደው የማመልከቻ መዝጊያ ጁላይ 15 ነው። አቢቱራቸውን ቀደም ባለው ዓመት ያገኙ የሕክምና አመልካቾች ግን የሚጠበቅባቸው እስከ ሜይ 31 ነው። ጁላይ 15 በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 8 እንጂ ሐምሌ 15 አይደለም። በዚህ የአንድ ሳምንት ልዩነት ዓመት ሙሉ ሊባክን ይችላል፤ ቀኑ አንዴ ካለፈ ማመልከቻው አይታይምና። ቀኑን በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በሆኽሹልሽታርት ማመልከት በነፃ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ «ቦታ እናስይዝላችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ፣ ከላይ ባየነው አከፋፈል ውስጥ የሚያስይዘው አንድም ቦታ የለውም። ልጁም ማመልከቻውን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ብቻ ከሚያንጠለጥል፣ በሚፈቀድለት መጠን በተለያዩ ከተሞች ቢያመለክት ዕድሉ ይሰፋል።

ጥሩ ውጤት ዛሬም ትልቁን ሚዛን ይይዛል፤ ይህን ከልጆቻችን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን «ነጥቡ ስንት ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «የሚሰለፈው በየትኛው ወረፋ ነው? በዚያ ወረፋ ከውጤት ሌላ ምን ይቆጠርለታል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ይዘን ከልጃችን ጋር እንቀመጥ፤ ማመልከቻውም በጊዜው ይሞላ። ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።