የአደን ፈቃድ ምን ይፈቅዳል?

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሞምባሳ የጀመረውን ረጅም የአደን ጉዞ በመጋቢት 1910 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ካርቱም ላይ ሲያበቃ፣ እሱና ልጁ ከርሚት የገደሏቸው እንስሳት 512 ደርሰው ነበር። ከነዚህ 9ኙ ያን ጊዜ በቤልጅጎች እጅ በነበረው የላዶ ግዛት፣ በናይል ዳር የወደቁ ነጭ አውራሪሶች ናቸው። በዚያው ዓመት ላዶ ወደ ሱዳን ተጠቃለለ፤ አውራሪሶቹም የካርቱም መንግሥት አደራ ሆኑ። ሩዝቬልት በዘመኑ ሚዛን ጨዋ አዳኝ ነበር። በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ዛፍ ላይ የታሰረ ጥቁር ድብ አልተኩስም ማለቱ ነው የልጆችን አሻንጉሊት ድብ በስሙ ያስጠራው። የአፍሪካው ጉዞም ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ናሙና ለመሰብሰብ ታስቦ በፈቃድ የተደረገ ነው። እንግዲህ ሁሉም በሕግ ከሆነ፣ ያ ፈቃድ የሚባል ወረቀት ምን ያህል ዋጋ አለው? ከጀርባው ቆጠራና ጥበቃ ከሌለ ከደረሰኝ አይበልጥም ባይ ነኝ።

ይህን ለማየት ዛሬ በአሜሪካዋ አይዳሆ ተራሮች ጥቁር ድብ ለማደን የሚሰናዳን ሰው መከተል ይበቃል። መሬቱ በአብዛኛው የመንግሥት ደን ነው፤ ማንም ገብቶ ያድርበታል፣ ድቡ ግን ከነደንቡ ነው። አዳኙ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ወቅቱንና ክልሉን ለይቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ ፀሐይ ቶሎ የሚያገኛቸውን ወደ ደቡብ የዞሩ ተዳፋቶች በመነጽር ያስሳል፤ ከክረምት እንቅልፉ የነቃ ድብ መጀመሪያ የሚፈልገው ለምለም ሣር ነውና። ድብ ቢያይም ወዲያው አይተኩስም። ግልገል ያስከተለች እናት መግደል ስለተከለከለ፣ ከኋላዋ ከቁጥቋጦው የሚወጣ ነገር እንዳለ ረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዋናው ነገር ግን የሚመጣው ከተኩሱ በኋላ ነው። የራስ ቅሉንና ቆዳውን ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማሳየት ግዴታው ነው። እዚያ ከክራንቻው ኋላ ያለች ትንሽ ጥርስ ትነቀላለች፤ በስሱ ተቆርጣ፣ ቀለም ተነክራ፣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ በየዓመቱ የጨመረችው ንብርብር ተቆጥሮ የድቡ ዕድሜ ይታወቃል። ከሚገደሉት መካከል የሴቶቹ ድርሻ ከፍ ካለ ቀጣዩ የአደን ወቅት ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የተገደለ ድብ ስለቀሩት ይመሰክራል።

በእንግሊዞች ዘመን ከካርቱም ይወጣ የነበረው ፈቃድ ግን አዳኙ ከየዓይነቱ ስንት እንደሚገድል ይወስን ነበር እንጂ፣ በዱር ስንት እንደቀረ የሚነግር ጥርስ አልነበረውም። ከዚያም በላይ ገንዘብ ያለውን እንግዳ ስፖርተኛ፣ በአባቱ አገር የሚያድነውን ነዋሪ ደግሞ ሕገወጥ አደረገ። ለነገሩ እዚያ የነበረውን የሰሜኑን ነጭ አውራሪስ ዝርያ የጨረሱት የሩዝቬልት ጥይቶች አይደሉም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ጦርነትና የቀንድ ንግድ ያለ ምንም ፈቃድ ጠረጉት። የመጨረሻው የሰሜኑ ወንድ፣ ስሙም ሱዳን፣ ከመጥፋት የተረፈው በ1975 ያን ጊዜ በሱዳን ውስጥ ከነበረው ሻምቤ ተይዞ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ መካነ እንስሳት በመወሰዱ ነበር፤ በ2018 ኬንያ ውስጥ ሞተ። ዛሬ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው።

«እንግዲያው አደንን ጨርሶ መከልከል ይሻላል» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄውም ክብደት አለው፣ እንስሳን ለደስታ መግደል ለብዙዎቻችን አይዋጥምና። ነገር ግን ኬንያ የስፖርት አደንን በ1977 ስትከለክል የዱር እንስሳቷ ማሽቆልቆል አልቆመም። ክልከላም እንደ ፈቃዱ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂም ደሞዝ ይፈልጋል። በአገራችን በባሌና በአርሲ ደጋዎች ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ለአንድ ወንድ የደጋ አጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል። ደጋፊዎቹ ይህ ገንዘብ ደኑን ያቆያል ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ለገበሬው ምን ደረሰው ይላሉ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉት ገንዘቡ የት እንደሚገባ በሕግ ሲታሰር ነው። አሜሪካ በ1937 ያወጣችው ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበውን ቀረጥ ለየግዛቶቹ የዱር እንስሳት ሥራ ያከፋፍላል፤ ግዛቶቹ ግን የአዳኞችን የፈቃድ ክፍያ ለሌላ ጉዳይ ካዋሉ ከድርሻው ይወጣሉ።

ወደ ሱዳን ስንመለስ፣ አገሪቱ የዱር እንስሳት ጥበቃን የሰጠችው ለፖሊስ ነው። የጦር መሣሪያ በበዛበት አገር ይህ ጥቅም አለው፤ ቆጠራ ግን በፖሊስ ብቻ አይሠራም። የዋልያ ዘመድ የሆነው የኑቢያ አይቤክስ በሚኖርበት በቀይ ባሕር ተራሮች የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ የሚያውቀው የቤጃ እረኛ ነው። በ2023 ከፈነዳው ጦርነት በኋላ አንድ አዳኝ ወደዚያ ልሂድ ቢል፣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው የመጨረሻው ቆጠራ መቼና በማን እንደተካሄደ ነው። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ፈቃዱ ባይሸጥ ይሻላል፤ ተሽጦ ክፍያው ለእረኛው የቆጣሪነት ደሞዝ ከዋለ ግን ቢያንስ የሚቀጥለው ጠያቂ መልስ ያገኛል።