መዝገበ ቃላት ሳንገልጥ የምንማራቸው ቃላት

አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ያውቃል። ከእነዚህ መካከል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ትርጉማቸው የተነገረው ስንቶቹ ናቸው? እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰዎች ሲነጋገሩ ስንሰማ፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ስናነብ ሳናስበው የያዝናቸው ናቸው። የባዕድ ቋንቋ ቃላትስ በዚህ መንገድ ሊለመዱ ይችላሉን?

ጥያቄው ለአገራችን ተማሪ ቀላል አይደለም። የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ የቃላት እጥረት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ስሌቱን የሚችል ተማሪ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ሲቀር እናያለን። ብዙዎች እንደ መፍትሔ የሚይዙት የቃላት ዝርዝር መሸምደድን ነው። ንባብ ከዚህ የተሻለ ሊሠራልን ይችል እንደሆነ ቀጥለን እንመልከት።

በልብ ወለድ የተሠራ ሙከራ

እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» በተሰኘው ልብ ወለድ ውስጥ ወጣቶቹ ገጸ ባሕርያት በአመዛኙ ከሩስኛ በተወሰዱ እንግዳ ቃላት ይነጋገራሉ። ሳራጊ፣ ኔሽንና ማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ያለ ቃላት መፍቻ እንዲያነቡ አደረጉ። አንባብያኑ በቃላት እንደሚፈተኑ አልተነገራቸውም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ከተጠየቋቸው 90 እንግዳ ቃላት በአማካይ 76 በመቶ ያህሉን ለይተው አወቁ።

ውጤቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ እንግዶቹ ቃላት በመጽሐፉ ውስጥ በአማካይ 15 ጊዜ ያህል ይደጋገማሉ። ሁለተኛ፣ አንባብያኑ የቀረውን እንግሊዝኛ በሙሉ ያውቁታል። በንባብ ቃላትን የመማር ምሥጢር ያለው በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ላይ ነው።

ትንሽ ዕድል፣ ብዙ ሙከራ

ናጊ፣ ሄርማንና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አንድን ያልታወቀ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ በንባብ አግኝቶ የመማር ዕድል ከ20 አንድ ያህል እንደሆነ ገምተዋል። ተማሪዎቹ ያነበቡት በአገራቸው ቋንቋ ስለነበር በባዕድ ቋንቋ ዕድሉ ከዚህም ሊያንስ ይችላል።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ዓይነት ነገር ከራዲዮአክቲቭ አተሞች ያውቀዋል። አንድ አተም በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ የመፈራረስ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ሴኮንዶቹ ሲደራረቡ ግን ግማሾቹ አተሞች ፈራርሰው ይገኛሉ። በቃላትም እያንዳንዱን ግንኙነት ራሱን የቻለ ሙከራ አድርገን ብንወስድ፣ አንድ ቃል ከ10 ግንኙነት በኋላ የመታወቅ ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ14ኛው ግንኙነት ግማሹን ያልፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ሒሳባዊ መሠረት አለው ማለት ነው።

ችግሩ ቃላት እኩል አለመደጋገማቸው ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ ባስታወቀው ሕግ መሠረት፣ በድግግሞሽ 10ኛ የሆነ ቃል የሚገኘው የ1ኛውን አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ ነው። በ100,000 ቃላት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣን ቃል 14 ጊዜ ለማግኘት 1.4 ሚሊዮን ቃላት ማንበብ ያስፈልጋል። በአንድ ገጽ 300 ቃላት ብናስብ ይህ 4,700 ገጽ ገደማ ነው። በቀን 10 ገጽ ለሚያነብ ሰው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ቁጥሩ ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም፤ በዚያው ንባብ ከዚህ ቃል በላይ የሚደጋገሙ ሌሎች በርካታ ቃላትም አብረው ይለመዳሉና።

ከ50 ቃላት አንድ

የአንድን ቃል ትርጉም ከዙሪያው ለመገመት በዙሪያው ያሉት ቃላት መታወቅ አለባቸው። ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ከጽሑፉ ቃላት 80 በመቶውን ብቻ ከሚያውቁት አንባብያን መካከል ታሪኩን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አልተገኘም። ያለ ረዳት በምቾት ለማንበብ 98 በመቶውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ደምድመዋል። ባለ 300 ቃላት በሆነ ገጽ ላይ ይህ ከ6 የማይበልጡ እንግዳ ቃላት ማለት ነው። 80 በመቶ ግን 60 እንግዳ ቃላት ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ መዝገበ ቃላት ይዞ መታገል ቁፋሮ እንጂ ንባብ አይባልም።

ንባብ ዝርዝር የማይሰጠውን ነገርም ይሰጣል። «ፊልድ» የሚለውን ቃል «ሜዳ» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ስለ ማግኔት ሲያነብ ግራ ይጋባል። ቃሉን ከኃይል፣ ከአቅጣጫና ከርቀት ጋር ደጋግሞ ያገኘው ግን ሳይንሳዊ ፍቺውን ይለምደዋል።

መርሳትም አለ

ንባብ ብቻውን ሁሉንም ያደርጋል ማለታችን አይደለም። ዋሪንግና ታካኪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ጃፓናውያን ተማሪዎች አንድ ቀላል መጽሐፍ ካነበቡ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከ25 አዳዲስ ቃላት ያለ ፍንጭ ሊተረጉሙት የቻሉት በአማካይ አንድ ያህል ብቻ ነበር። ከቆመ ንባብ የተገኘው ቃል ቶሎ ይተናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለተማሪው የሚተርፈው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ መጽሐፍ ሲመርጥ አንድ ገጽ ገልጦ እንግዶቹን ቃላት ይቁጠር፤ ከስድስት እጅግ ከበለጡ ቀለል ያለ ይፈልግ። ከፍ ባለ ክፍል እየተማሩ ቀላል መጽሐፍ ማንበብ አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ በአንድ ርእስ ላይ ተከታታይ ጽሑፎችን ያንብብ፤ የሙያው ቃላት ቶሎ ቶሎ ይመለሱለታልና። ሦስተኛ፣ ሦስትና አራት ጊዜ ያጋጠመውን ቃል በማስታወሻ ይያዝ፣ በየሳምንቱም ይከልሰው። የግድ ሊያነበው የሚገባ የመማሪያ መጽሐፍ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ፣ ስለዚያው ርእስ የተጻፈ ቀላል መጽሐፍ አስቀድሞ ቢያነብ መንገዱ ይቀናል። ከሁሉ በላይ በየቀኑ ያንብብ። በቀን 10 ገጽ ጥቂት ቢመስልም በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታ ከ14,000 ገጽ በላይ ይሆናል።