የዝዋይና የቦርዶ የወይን ጠጅ ሲነጻጸሩ፦ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ አካባቢ ምን ትምህርት ይገኛል?

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ባሉ ቀበሌዎች ወይን ይበልጥ የሚታወቀው ለቁርባን በሚዘጋጀው ዘቢብ እንጂ በማሳ ላይ በሚለማ ተክልነቱ አይደለም። ሆኖም የዝዋይ (ባቱ) የወይን ጠጅ በገበያ ላይ ከታየ ወዲህ «እነሱ ካመረቱ እኛስ ምን ይጎድለናል?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አባላት የቆጠቡትን ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ በችኮላ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ አዲሱን ከነባሩ ጋር እናነጻጽራለን፤ ቀጥሎም ወደ ራሳችን መሬት እንመለሳለን።

1. አዲሱና ነባሩ

በአገራችን የወይን ጠጅ በዝዋይ አልተጀመረም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ «ጉደር» እና «አክሱሚት» ለብዙ ዓመታት ሲጠጡ ኖረዋል። በዝዋይ ግን የቦርዶው ካስቴል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሰፊ የወይን እርሻ አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ምርቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረበ። ከተተከሉት ዝርያዎች መካከል ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ሻርዶኔ ይገኛሉ።

ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን የቦርዶ ዋና ዋና የቀይ ወይን ዝርያዎች ናቸው። በመሆኑም ንጽጽሩ በሁለት ዓይነት ተክል መካከል ሳይሆን አንድ ዓይነት ተክል በሁለት አገር ሲበቅል ነው። ቦርዶ እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን የወይን ጠጆቹን በደረጃ ሲመድብ መለኪያ ያደረገው ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ የሚያውቁትን የየእርሻውን የሽያጭ ዋጋ ነበር። ደረጃው የተገኘው ከአንድ ዓመት ጥሩ ምርት ሳይሆን ከብዙ ዓመታት ልምድ ነው።

2. ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

ቦርዶ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ክረምቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል፤ በበጋው ረጅም ቀን ፍሬውን ቀስ ብሎ ያበስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት ይለቀማል። ዝዋይ 1,640 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ተክሉን የሚያሳርፍ ብርድ የለም። ስለዚህ ተክሉ የሚነሣበትንና ፍሬው የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስነው ገበሬው ራሱ በመግረዝና ውኃ በማጠጣት ነው። ፀሐይ ስኳሩን ፈጥና ታበዛለች፤ የከፍታው ቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ አሲዱ ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳል።

በብርጭቆ ውስጥ ሲታይም ይኸው ነው። ከሞቃት አገር የሚገኝ ቀይ የወይን ጠጅ በአብዛኛው የበሰለ ፍሬ ጣዕም ያለው፣ ለስለስ ያለና በወጣትነቱ የሚጠጣ ነው። የቦርዶ ምርጥ ቀይ በወጣትነቱ እንደ ጠነከረ ሻይ አፍን ያኮማትራል፤ አሲዱም ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለአሥርና ለሃያ ዓመታት ቢቀመጥ እየተሻሻለ ይሄዳል። ስለዚህ ለዕለት ገበታ የሚሆነውን የዝዋይን ጠርሙስ ለብዙ ዓመት ከተቀመጠ ውድ የቦርዶ ጠርሙስ ጋር ማወዳደር ትክክል አይሆንም። ሚዛናዊ የሚሆነው ዋጋቸውና ዕድሜያቸው የሚቀራረቡትን፣ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ማስቀመስ ነው።

3. ወደ አካባቢያችን ስንመለስ

ፍኖተ ሰላም ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ቡሬም 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው ሌሊታቸው ቀዝቃዛ ነው። ውኃ የማይቋጥር ቀይ አፈርም አለ። እነዚህ ለወይን መልካም ናቸው። ችግሩ ዝናቡ ነው። ዝዋይ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያገኝ፣ እኛ ዘንድ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቦርዶም ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል፤ ነገር ግን ዝናቡ በዓመቱ ወራት የተከፋፈለ ነው። ዋናው ነገር የዝናቡ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚዘንብበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። በክረምት የደረሰ ፍሬ ይሰነጠቃል፤ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉንም ሻጋታ ይመታዋል። ፍሬው በበጋ እንዲደርስ ከዝናብ በኋላ መግረዝ ይቻላል፤ ይህ ግን አስተማማኝ የመስኖ ውኃ ይጠይቃል። በክረምትም ቅጠሉን ከሻጋታ መጠበቅ አይቀርም።

4. ማኅበሩ ምን ያድርግ?

ሀ/ በማኅበሩ ገንዘብ ሰፊ ማሳ ከመትከል በፊት መስኖ ባለበት ቦታ ጥቂት እግር ተክሎ መሞከር።
ለ/ የወይን ተክል ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ መሆኑን ለአባላት አስቀድሞ መንገር።
ሐ/ የተገረዘበትን ቀን፣ ዝናቡን፣ የታየውን በሽታና የተለቀመውን ክብደት በየዓመቱ መመዝገብ።
መ/ ፍሬው በቅድሚያ ለመብልነት ገበያ እንዳለው ማረጋገጥ፤ የወይን ጠጅ መጥመቅ ሌላ ዕቃና ሌላ ሙያ ይጠይቃልና።

ከቦርዶ የምንወስደው ዋናው ትምህርት ዝርያው አይደለም፤ ምርትን በቦታውና በዓመቱ ለይቶ መያዝ ነው። ይህን ትምህርት ዛሬውኑ ልንጀምርበት የምንችልበት ምርት በእጃችን አለ፤ እርሱም ማር ነው። ከአደይ አበባ በኋላ የሚቆረጠውን ማር ከሌላው ወቅት ማር ጋር አለመቀላቀል፣ እንጀራው በሰም ሳይከደን አለመቁረጥ፣ ቀበሌውንና ወሩን በዕቃው ላይ መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ያልበሰለ ማር ውኃው በዝቶ በዕቃው ውስጥ ይፈላል፤ ገዢም ያጣል። ተለይቶ የተያዘ ማር ግን ለጠጅ ጣዩ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጣዕም ይሰጠዋል። በጥቂት እግር የጀመረው የወይን ሙከራ ውጤቱን እስኪያሳይ ድረስ የማኅበሩ ገንዘብ ይበልጥ በዚህ ላይ ቢውል እንመክራለን።