የውዝፍ ግብር ደብዳቤ ሲደርስ፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?



ከገቢዎች የመጣ ደብዳቤ በብዙ ሱቆች የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል፤ መሳቢያ ውስጥ፣ ከደረሰኝ ጥራዝ ሥር። ባለ ሱቁ «ሒሳብ ሠራተኛው ሲመጣ ያየዋል» ይላል። ሒሳብ ሠራተኛው የሚመጣው ደግሞ በወር አንዴ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ነጋዴው ያለውን ትልቁን መብት ሳያውቀው ሊያጣ ይችላል።

መንግሥት ያልተከፈለ ግብርን የሚጠይቅበትን መንገድ የሚደነግገው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። አዲስ አበባና ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አካሄዱ በአብዛኛው ተቀራራቢ ነው። እዚህ የምንጠቅሳቸው ቀናትና መጠኖች ግን የፌዴራሉ ናቸው።

አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሒሳቡን መርምሮ ወይም በግምት አስልቶ «ይህን ያህል አለብህ» የሚልበት ደብዳቤ ማለት ነው። ይህ ገና የመጨረሻ ቃል አይደለም። ውሳኔውን የማይቀበል ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። 21 ቀኑ በዝምታ ካለፈ ግን ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ዕዳው አለብኝ ወይስ የለብኝም?» የሚለው ክርክር ያበቃና ጥያቄው «በምን ይሰብሰብ?» ይሆናል። የተሳሳተ ስሌት የደረሰበት ሰው እንኳ ዝም በማለቱ ብቻ ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል።

«ደብዳቤውን አልቀበልም ብዬ መለስኳቸው» የሚል ወንድም ያጋጥማል። ይህ አያድንም። ተቀባይ ከጠፋ ማስታወቂያውን በንግድ ቤቱ ወይም በመኖሪያ ቤቱ በር ላይ መለጠፍ በሕጉ እንደ ደረሰ ያስቆጥራል። ይልቁንስ ተቀብሎ፣ የተቀበሉበትን ቀን ፖስታው ላይ ጽፎ፣ በዚያው ቀን የሚያውቅ ሰው ማማከር ይሻላል።

ቅሬታ ሲቀርብ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ነጋዴው 800,000 ብር ተወስኖበት 200,000ውን የሚያምን ከሆነ ያመነውን መክፈል አለበት፤ አለበለዚያ ቅሬታው ተቀባይነት አያገኝም። በቀሪው 600,000 ላይ ይከራከራል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ክርክር ካለበት ታክስ ግማሹን፣ በምሳሌያችን 300,000 ብር፣ ማስያዝ ግድ ነው። ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲኬድ መጠኑ ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ካፒታሉ ሁሉ ዕቃ ላይ ላለ ነጋዴ ይህ ከባድ ነው፤ ፍትሕን በገንዘብ አቅም የሚወስን ነው የሚሉ ሰዎች ቅሬታም መሠረት የሌለው አይመስለንም። ስለዚህ ማስረጃን ለይግባኝ ማቆየት ትልቅ ስህተት ነው። ደረሰኙም፣ የባንክ መግለጫውም፣ የጉምሩክ ሰነዱም መግባት ያለበት በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ነው።

ዕዳው የመጨረሻ ከሆነና ካልተከፈለ የደብዳቤው ቋንቋ ይለወጣል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ንብረት እንደሚይዝ ያስጠነቅቃል፤ ቀጥሎ ይይዛል፣ በሐራጅም ይሸጣል። ከሽያጩ የተረፈ ካለ ለባለ ንብረቱ ይመለሳል። ሌላው መንገድ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ዕቃ በዱቤ የወሰደ ደንበኛ ወይም ቤት የተከራየ ሰው ለነጋዴው የሚከፍለውን ለገቢዎች እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። በተደጋጋሚ የማይከፍል ነጋዴ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ይነገረውና ካልከፈለ ሱቁ እስከ 14 ቀን ይታሸጋል፤ ምክንያቱም በሩ ላይ ይለጠፋል። ለብዙ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ወረቀት ያማል።

ለሐጅ የሚዘጋጁ ወገኖቻችን ይህንንም ይወቁት። አንድ ሰው ግብሩን ሳይከፍል ከአገር ሊወጣ ይችላል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖር ከአገር እንዳይወጣ ማገድ ይቻላል። ሑጃጅ ከመሄዳቸው በፊት ዕዳቸውን ከፍለው፣ ከጎረቤት ጋር አፉ ተባብለው መነሳታቸው የቆየ ልማዳችን ነው። የመንግሥትን ዕዳ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው ግን ጥቂት ነው።

ወለዱን በተመለከተ ጥያቄ የሚበዛው ከእኛው አንባቢዎች ነው። በዘገየ ግብር ላይ በአገሪቱ ካለው ከፍተኛ የንግድ ብድር ወለድ በ15 በመቶ ከፍ ብሎ ወለድ ይታሰባል። ሸሪዓዊ ብይኑን ለዑለሞች እንተዋለን። ከሪባ መራቅ ለሚፈልግ ሙስሊም ግን በተግባር ያለው መንገድ ግብሩን በቀኑ መክፈል ነው፤ ካለፈም ዋናውን ቶሎ መቀነስ። ከወለዱ ሌላ መቀጫም አለ፤ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ። 200,000 ብር ለ6 ወር ቢዘገይ መቀጫው ብቻ 30,000 ብር ይሆናል።

የቸገረው ሰው በጽሑፍ ማመልከትና በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል። በሱረቱል በቀራህ 280ኛው አያ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት እንደሚገባ የተማረ ሕዝብ ጊዜ መጠየቅን እንደ ውርደት ሊያየው አይገባም። ፈቃድ መስጠቱ የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ነው። ከተፈቀደ በኋላ ወለዱ አይቆምም፤ አንዱን ክፍያ መዝለልም ቀሪውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያስጠይቃል። ስለዚህ የሚችሉትን መጠን ብቻ ቃል ይግቡ። በ2012 በኮሮና ወቅት መንግሥት የቆዩ ውዝፎችን ሰርዞ ነበር፤ ለሌሎችም ወለድና መቀጫ ምሯል። እንዲህ ያለው ምሕረት ደግሞ ይመጣል ብሎ ዕዳ ማሳደር ግን በዕድል መጫወት ነው።

በስልክ ደውሎ «ዕዳህን በዚህ ቁጥር ላክ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉ። ግብር ወደ ግለሰብ አካውንት አይገባም።

በመጨረሻ፣ አባት ሲሞት ብዙ ቤተሰብ ሱቁን ለመከፋፈል ይቀመጣል። በእምነታችን ውርስ የሚከፋፈለው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው። የሟቹን የግብር መለያ ቁጥርና የሞት የምስክር ወረቀት ይዞ ፋይሉ ወዳለበት ቅርንጫፍ መሄድና ያለበትን ዕዳ በጽሑፍ መጠየቅ ከክፍፍሉ በፊት ይቅደም።