የጆሮ ማዳመጫንና የሙዚቃ ማጫወቻን ስለ ማመጣጠን



የሰው ልጅ ዓይኑን በፈቀደ ጊዜ ይገልጠዋል፤ ባልፈቀደም ጊዜ ይከድነዋል። ለጆሮው ግን ክዳን አልተሠራለትም። ስለዚህ ወደ ጆሮው የሚገባውን ድምፅ መርጦና መጥኖ ማስገባት የባለቤቱ ኀላፊነት ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በኪስ ለሚያዝ ዲጂታል የሙዚቃ ማጫወቻ የሚስማማውን የጆሮ ማዳመጫ እንዴት መምረጥ እንደሚገባ ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ከገንዘብ አልፎ የመስማት ጤንነትንም የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ጊዜ ሰጥተን ብንመረምረው አይቈጨንም።

ብዙ ሰው ማዳመጫ ለመግዛት ሲነሣ «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ጎዶሎ ነው። ማዳመጫ ብቻውን አይሠራምና። ኀይል የሚሰጠው ማጫወቻ አለ፤ የሚደመጥበት ስፍራ አለ፤ የሚደመጠውም ዜማ አለ። አቅማቸው ያልተመጣጠነ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ ትልሙ እንደማይቀና ሁሉ፤ ማዳመጫውና ማጫወቻው ካልተመጣጠኑ የተከፈለው ዋጋ ምንም ያህል ብዙ ቢሆን ድምፁ አይቀናም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ለያዝሁት ማጫወቻና ለማዳምጥበት ስፍራ የሚስማማው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

አስቀድመን ስለ ዕቃው ታሪክ በአጭሩ እንናገር። በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት ይኖር የነበረው ናታኒኤል ባልድዊን እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኀይል ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. በበርሊን የኦይገን ባየር ድርጅት «ዲቲ 48» የተባለውን ማዳመጫ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በሚልዋኪ ከተማ ጆን ኮስ ለሙዚቃ የሚሆን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለሕዝብ አቀረበ። በእነዚያ ዘመናት ማዳመጫ የሚሰካው በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ትልቅ መሣሪያ ላይ ስለ ነበረ ኀይል አያንሰውም ነበር። ነገሩ የተለወጠው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ዎክማንን፤ አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. አይፖድን ባወጡ ጊዜ ነው። አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. መሠራቱ ቢቀርም ሥራውን የእጅ ስልክና ለሙዚቃ ብቻ የሚሠሩ ትንንሽ ማጫወቻዎች ወርሰውታል። የእነዚህ ሁሉ ኀይል የሚመነጨው ከትንሽ ባትሪ ነው። የመመጣጠን ጥያቄም የመጣው ከዚሁ ነው።

በአብዛኛው ማዳመጫ ውስጥ በማግኔት አጠገብ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦውም ከስስ ሽፋን ጋር ተያይዟል። ከማጫወቻው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ወደፊትና ወደኋላ ይነቃነቃል። ሽፋኑም አብሮት ሲርገበገብ አየሩን ይገፋዋል፤ ያም ድምፅ ሆኖ ወደ ጆሮ ይደርሳል።

በማዳመጫው ሣጥን ላይ ከሚጻፉት ቍጥሮች ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ኢምፒዳንስ ይባላል፤ ሽቦው ለኤሌክትሪኩ የሚያቀርበውን ተቃውሞ የሚያመለክት ሲሆን መለኪያው ኦም ነው። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ ይባላል፤ ማዳመጫው በተወሰነ ኀይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚገልጽ ሲሆን የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ሜዳ ቍጥር የሚደመር አይደለም። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ከፍ እንዲል ኀይሉ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ ጆሮ ግን ይህን በግምት እንደ ሁለት እጥፍ ብቻ ይሰማዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ማጫወቻ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ግማሽ ቮልት ይሰጣል እንበል። ይህ ማጫወቻ 32 ኦም ባለው ማዳመጫ ላይ ወደ 8 ሚሊዋት የሚጠጋ ኀይል ያወጣል። 300 ኦም ባለው ላይ ግን አንድ ሚሊዋት እንኳ አይሞላም። የሁለቱም ማዳመጫዎች ሴንሲቲቪቲ በአንድ ሚሊዋት 97 ዴሲቤል ቢሆን፤ የመጀመሪያው እስከ 106 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ሁለተኛው በ96 ላይ ይቆማል። ይህም የዜማው ከፍተኛው ጫፍ ሲሆን፤ አማካዩ ድምፅ ከዚያ በብዙ ያንሳል። በዝግታ የተቀረጸ ዜማ በሁለተኛው ማዳመጫ ሲሰማ የደከመና ሕይወት የሌለው የሚመስለው ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የማዳመጫው አይደለም፤ የጥምረቱ ነው።

ይህ በገበያ ላይ በግልጽ ይታያል። ዜንሃይዘር የተባለው የጀርመን ድርጅት ያወጣው «ኤችዲ 600» በባለሙያዎች ዘንድ እጅግ የተመሰገነ ማዳመጫ ነው፤ ነገር ግን ኢምፒዳንሱ 300 ኦም ስለ ሆነ ከስልክ ጋር ብቻውን ሲጠመድ ሙሉ ችሎታውን ላያሳይ ይችላል። የባየርዳይናሚክ «ዲቲ 770 ፕሮ» ደግሞ በአንድ መልክ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። መልኩ አንድ ስለ ሆነ ቍጥሩን ሳያይ የገዛ ሰው ለስቱዲዮ የተሠራውን ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በአንጻሩ የኦዲዮ ቴክኒካ «ኤም 50 ኤክስ» 38 ኦም፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኮስ «ፖርታ ፕሮ» ደግሞ 60 ኦም ናቸው፤ ሁለቱም በትንሽ ማጫወቻ በደኅና ይሠራሉ። በጠቅላላው ለኪስ ማጫወቻ ከ16 እስከ 80 ኦም ያለውና ሴንሲቲቪቲው በአንድ ሚሊዋት ወደ 100 ዴሲቤል የሚጠጋ ማዳመጫ ይስማማል። ሴንሲቲቪቲን አንዳንዱ ሠሪ በሚሊዋት፣ ሌላው በቮልት ስለሚጽፈው፤ ሁለት ማዳመጫዎችን ስታነጻጽሩ መለኪያው አንድ ዐይነት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ኦሙ ባነሰ ቍጥር ይሻላል» ብሎ እንዳይደመድም ያስፈልጋል። ማጫወቻውም የራሱ ተቃውሞ አለው። የተለመደው ደንብ የማዳመጫው ኢምፒዳንስ ከማጫወቻው ተቃውሞ ቢያንስ ስምንት እጥፍ ይሁን ይላል። ከዚህ ካነሰ፤ በብዙ ማዳመጫዎች ላይ ዝቅተኛው ወይም ከፍተኛው ድምፅ ከተቀረጸበት ሚዛን ይወጣል። ከመጠን በላይ ንቁ የሆነ ማዳመጫም ዜማው ጸጥ ባለ ጊዜ የማጫወቻውን የሹክሹክታ ድምፅ ያሰማል።

እዚህ ላይ ስለ መሰኪያው አንድ ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. አፕል በአይፎን 7 ላይ የ3.5 ሚሊሜትሩን የማዳመጫ ቀዳዳ ካስቀረ ወዲህ ሌሎችም ብዙ ስልክ ሠሪዎች ተከትለውታል። በእንዲህ ያለው ስልክ ላይ የሚሰካው ትንሽ ማገናኛ ብዙውን ጊዜ በሆዱ የራሱን አምፕሊፋየር ይይዛል። በዚህ ጊዜ ከማዳመጫው ጋር የሚመጣጠነው ስልኩ ሳይሆን ማገናኛው ነው። ደካማ ማገናኛ ጥሩውን ማዳመጫ ሊያደክም፤ ጥሩ ማገናኛም በትንሽ ወጪ ድምፁን ሊያሻሽል ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው ስለ ስፍራው ነው። ማዳመጫ በሦስት ዐይነት ሊከፈል ይችላል። ጀርባው ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ነው፤ ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ባወጣው «ኤችዲ 414» የታወቀ ሲሆን ድምፁ ሰፊና ያልታፈነ ነው። ነገር ግን የውጭውን ጫጫታ ያስገባል፤ የውስጡንም ዜማ ለጎረቤት ያሰማል። ለጸጥተኛ ክፍል እንጂ ለቢሮና ለአውቶቡስ አይሆንም። ሁለተኛው ጀርባው የተዘጋና ጆሮን የሚከብብ ነው። ሦስተኛው ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ነው፤ የጎማው ወይም የስፖንጁ ጫፍ በልክ ከገጠመ የውጭውን ድምፅ በጣም ይቀንሳል። ካልገጠመ ግን ጫጫታው ይገባል፤ ዝቅተኛውም ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የሚመጡትን ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ጫፎች ሁሉ ሞክሩ፤ ቀኝና ግራ ጆሮ የተለያየ መጠን ቢፈልጉም አይድነቃችሁ።

የስፍራውን ነገር እንዲህ አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በታክሲ ውስጥ ያለው ጫጫታ 75 ዴሲቤል ቢሆን፤ ክፍት ማዳመጫ ያደረገው ሰው ዜማው እንዲለይለት ድምፁን ወደ 85 ዴሲቤል ያወጣዋል። ጫጫታውን በ20 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዳመጫ ያደረገው ግን ከ65 እስከ 70 ይበቃዋል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው የሚፈቀደው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ 75 ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዐሥር ሰዓት፣ በ89 አምስት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ጠዋትና ማታ በመንገድ ላይ፤ ቀንም በመዝገብ ሥራ ላይ ሳለ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ሰዓት በሳምንቱ አጋማሽ እንደሚጨርሰው ልብ ይሏል።

በጆሮ ውስጥ ድምፅን ተቀብለው ወደ አእምሮ መልእክት የሚለውጡ፤ በእያንዳንዱ ጆሮ በግምት 15,000 የሚሆኑ የፀጉር ሕዋሳት ይገኛሉ። በሰው ጆሮ ከሞቱ እንደገና አይበቅሉም። ጉዳቱ ሳያሳምም ቀስ በቀስ ስለሚመጣ፤ ሰው የሚያውቀው በስብሰባ ላይ የሚነገረው ቃል ሳይለይለት ሲቀር፤ ወይም በሌሊት ጆሮው ሲጮኽበት ነው። ነገሩ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስን የሚጠይቅ ነው፤ በኋላ ማዘን አይመልሰውም።

ጫጫታን በኤሌክትሪክ የሚያጠፉ ማዳመጫዎችም አሉ። አማር ቦዝ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሲጓዝ አሰበው፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ለአብራሪዎች የሚሆነውን አወጣ። በማዳመጫው ላይ ያለው ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ተቀብሎ ተቃራኒውን ሞገድ ያመነጫል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። እንደ ሞተር ጕርምርምታ ላለው ወጥ ድምፅ እጅግ ይጠቅማል፤ ለንግግርና ለድንገተኛ ድምፅ ግን ያን ያህል አይደለም። የመኪናን ድምፅ ስለሚሸፍን መንገድ በሚሻገሩበት ጊዜ ማውለቅ ይገባል።

ሽቦ የሌለው የብሉቱዝ ማዳመጫ አምፕሊፋየሩን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ የኦም ጥያቄ ለገዢው ይቀርለታል። በምትኩ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይተካሉ። አንደኛው ማጫወቻውና ማዳመጫው ዜማውን የሚላላኩበት የማመቂያ ዘዴ ነው። ኤስቢሲ የተባለው በሁሉም ላይ ይገኛል፤ ኤኤሲ እና ኤልዳክ የተባሉት ግን በሁለቱም ወገን ከሌሉ አይሠሩም። ሁለተኛው የባትሪው ዕድሜ ነው። ባለሽቦው በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ሲያገለግል፤ የሌላኛው ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል።

ዜማው ራሱ የተቀመጠበትም መልክ ሊዘነጋ አይገባም። ሲዲ በየሰከንዱ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። በ128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒ3 ከዚህ ዐሥራ አንደኛውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ጥሩ ማዳመጫ የዚህን ጕድለት ይገልጠዋል እንጂ አይሸፍነውም። ስለዚህ ውድ ማዳመጫ ከመግዛት በፊት ዜማውን በ320 ኪሎቢት ወይም ምንም በማይቀንሰው በፍላክ ማስቀመጥ ይቀድማል።

በመጨረሻ፤ ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ማጫወቻና ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን ዜማ ይዛችሁ ሂዱ። የበገና ዜማ ለዚህ እጅግ ይመቻል። የዐሥሩ አውታር ወፍራም ድምፅ የማዳመጫውን ጥልቀት ይፈትናል፤ በአውታሩና በመቆሚያው መካከል ከሚገባው ትንሽ ቆዳ የሚወጣው ንዝረት ደግሞ ጥራቱን ይፈትናል። ንዝረቱ ከዘማሪው ቃል ጋር ተደባልቆ የሚታፈን ከሆነ ማዳመጫውን መልሱት። ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ በራሳችሁ ላይ አቆዩት፤ በዐሥር ደቂቃ የከበደ ማዳመጫ በሁለት ሰዓት ያሳምማልና።

ከሁሉም በላይ አንድ ፈተና አድርጉ። የማጫወቻውን ድምፅ ከግማሽ በታች አድርጋችሁ፤ በምትውሉበት ጫጫታ ውስጥ ዜማው ከነቃሉ በግልጽ የሚሰማችሁ ከሆነ ማዳመጫው ለማጫወቻችሁም ለጆሯችሁም ተስማምቷል። እስከ ጫፍ ካልተከፈተ የማይሰማ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ለእናንተ አልተሠራምና ለሌላ ተዉት።