ስለ ሕፃናት ዓይን መቅላት

በሐዋሳ ከተማ በሐይቅ ዳር የልጅ ዓይን ሲቀላ፥ አስቀድሞ የሚሳበበው በሐይቁ ነፋስ ወይም በማድቤት ጢስ ነው። ሰንብቶ ካልተሻለው ግን ትራኮማ ይዞት ይሆናል ይባላል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትራኮማ ከአገሮች ሁሉ ይልቅ የበዛው በኢትዮጵያ ነውና። ነገር ግን ዓይኑ የቀላ ልጅ ሁሉ ትራኮማ የያዘው አይደለም።

ሐኪሞች ሮዛሺያ የሚሉት ደዌ በጎልማሶች ላይ ፊትን የሚያቀላ ነው። በሕፃናት ግን ብዙ ጊዜ ከፊት አስቀድሞ ዓይንን ይይዛል። በጠይም ቆዳ ላይ የጉንጭ መቅላት በቀላሉ ስለማይለይ፥ ምልክቱ የሚፈለገው በዓይን ቆብ ጫፍ ላይ ነው። ትራኮማ በላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ሲታይ፥ ይህ ግን በሽፋሽፍቱ ሥር ያሉትን የቅባት ዕጢዎች ይደፍናል፤ ቅባቱም ሲጐድል እንባ ቶሎ ይደርቃል፥ ዓይንም ይቈጠቍጣል። ብጕንጅ መሳይ እብጠት እየዳነ ይመለሳል፤ ልጁም ብርሃን ይሸሻል። ቸል ከተባለ ብሌኑ ቈስሎ ጠባሳ ይቀርበታል።

ከደዌው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኀኒት ቤት የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞንን የመሰለው ጠብታ መቅላቱን ፈጥኖ ያበርዳልና ቤተ ሰቡ ደስ ይለዋል። ሲቆም መቅላቱ ይመለሳል፤ ጠብታውም ይደገማል። እንዲህ ሲቈይ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ግላኮማን፥ ደግሞም የዓይን ሞራን ሊያመጣ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ሕፃን ልጅም ማየቴ ቀነሰ ብሎ አይናገርም።

የሮዛሺያ ሕክምና መጀመሪያው ወጪ የለበትም። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮና ጨምቆ በተዘጋው ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማኖር፥ ከዚያም ቆቡን ወደ ሽፋሽፍቱ በቀስታ እየዳሰሱ ጫፉን መጥረግ ነው፤ ይኸውም ጧትና ማታ፥ ለወራት ሳይሰለቹ። ይህ ባልበቃ ጊዜ ሐኪሙ ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ያዛል። ለዐዋቂ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ግን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለረዥም ጊዜ አይሰጥም፤ የቴትራሳይክሊን ወገን በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ቀለም ያበላሻልና። አዚትሮማይሲን በትራኮማ ዘመቻ ለሕዝብ የሚታደለው መድኀኒት ራሱ ስለ ሆነ፥ ከዘመቻው በኋላ የተሻለው ልጅ ሁሉ ትራኮማ ነበረበት ማለት አይቻልም።

እብጠቱ የተመላለሰበትን፥ ብርሃን የሚሸሸውን፥ ወይም በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ የታየበትን ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ማድረስ ይገባል። በሚሄዱበት ጊዜ የቀድሞውን ጠብታ ብልቃጥ ባዶም ቢሆን ይዞ መሄድ ያሻል፤ ሐኪሙ ስሙን አንብቦ ስቴሮይድ እንዳለበት ያውቃልና።